ቁልፍ የሌለው ካፖርት

ባለፈው ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ጉልበቴ እምቢ አለኝና ከአስፋልቱ ዳር ካለችው አዲስ ቡቲክ ገባሁ። ልገዛ አይደለም፤ ምን አለኝና! አረፍ ልበል ብዬ ነው። ባለሱቋ ልጅ እግር ናት፤ እንግዶች ትተውት የሚሄዱትን ጃኬትና ከአዲስ አበባ በቦንዳ የሚመጣውን አንድ ላይ ሰቅላዋለች። በርጩማ ሰጠችኝ፤ ትባረክ። ገና ቁጭ ከማለቴ ሽታው መጣብኝ። ያ የብል መድኃኒት፣ ያ ነጩ፣ ልጆች ከረሜላ መስሏቸው የሚልሱት። ነጠላዬን ሰበሰብኩ። ልጅቷ ብርድ የመታኝ መስሏት አንድ ወፍራም ካፖርት አወረደችና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። "ይሞክሩት እማማ፤ ለወንድም ለሴትም ይሆናል" አለችኝ። "ማን አለ?" አልኳት፤ ሳላስበው ጮኼባት መሰለኝ። ልጅቷ ሳቀች። "ማን ይላል እማማ? ልብስ አይደል እንዴ? ለበረደው ነው!" እሷ ሳቀች፣ የኔ እንባ መጣ። ይህችን አንዲት ቃል የሚናገር ሰው በጊዜው ጠፍቶ ነው አባቴን የቀበርኩት።

ዛሬ ላሊበላን የሚያይ ሰው የዚያን ጊዜዋን አያውቃትም። አስፋልት የለ፣ ባጃጅ የለ፤ የመኪና ድምፅ ከተሰማ ሕፃን ሽማግሌው ነቅሎ ይወጣል። እኔ የምሠራው የሴቶች ማኅበር በከፈተው ስፌት ቤት ነበር። ሁለት በእግር የሚረገጥ መኪና፣ አንድ የከሰል ካውያ፣ አንድ እግሩ የሚነቃነቅ ረጅም ጠረጴዛ። የምንሰፋው ካኪ ነው። ሊቀመንበሩ ካኪ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሰው ካኪ፣ የኪነት ልጆች ካኪ፤ አገሩ ሁሉ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ይመስል ነበር። ኮንጎ ጫማ ያገኘ ሰው እግሩን እያየ ይሄዳል። አቡጀዲ መጣ ከተባለ ጎህ ሳይቀድ ሰልፍ ነው። ግን ስሙኒ ይዞ የወጣ ሰው ሻይ ጠጥቶ፣ ዳቦ ገምጦ፣ ክርና መርፌ ይዞ ይገባ ነበር። ዛሬ ስሙኒን ራሷን ማን ያውቃታል? የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ከወይራው ላይ ተሰቅሎ ጧት ማታ ማርሽ ይለቃል። የኪነት ልጆች ስለ ምርት ይዘፍናሉ፤ ምርት በሌለበት አገር! ድምፃቸው ግን ያምር ነበር፣ አልዋሽም። አሁንም ቅዳጅ ስጠቅም ዜማው ሳልጠራው ይመጣብኛል።

ቤታችን ገነተ ማርያም ነው። እኔ ሰኞ በማለዳ ወጥቼ ላሊበላ አክስቴ ቤት እያደርኩ እሠራለሁ፤ ቅዳሜ ወደ አባቴ እመለሳለሁ። እናቴን ድርቁ ወሰዳት። ወንድሜ ለውትድርና ሲወሰድ "እዚያ ሌላ ይሰጡኛል" ብሎ ካኪ ጃኬቱን አውልቆ ከምሰሶው ላይ ሰቀለው። እሱም አልተመለሰ፣ ጃኬቱም አልወረደ። የቀረነው እኔና አባቴ ነን፤ ቄስ ወልደ ማርያም። ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ እልኸኛ ሰው ነበር። ደህናውን ጋቢውን በድርቁ ዓመት በገብስ ለውጦ እኔን አበላኝ፤ የቀረችው ጋቢ ደግሞ ከማርጀቷ የተነሳ ፀሐይ ታሳልፋለች። ሳሉ የያዘው ያን ጊዜ ነው። ክሊኒኩ ወስጄው ድሬሰሩ ደረቱን አዳመጠና እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ። "መርፌው ብቻውን አያድናቸውም። ደረታቸው ላይ ወፍራም ነገር ይደረግ። የዘንድሮን ብርድ እንዲህ ሆነው ከቆሙበት አይወጡትም" አለኝ። የቄስ ነገር ታውቁት የለ! በባዶ እግር ድንጋይ ላይ ቆሞ ነው የሚነጋለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፤ ለአባዬ የሚሞቅ ልብስ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ኅዳር ሲጋመስ አንድ ትልቅ መኪና ቦንዳ ጭኖ መጣ። ከባሕር ማዶ የተላከ እርዳታ ነው ተባለ። ለማራገፍና ለማናፈስ ከስፌት ቤቱ እኔ ተመረጥኩ። የመጀመሪያውን ቦንዳ በቢላ ስንቀደው ያ የብል መድኃኒት ሽታ ወጥቶ ሁላችንንም አስነጠሰን። ውስጡ ሌላ አይደለም፣ ካፖርት ነው። ግራጫ፣ ወፍራም የሱፍ ካፖርት፣ ገበሩ የሚያንሸራትት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። እጄን በእጅጌው ሰድጄ ትከሻዬ ላይ ሳደርገው ክብደቱ ራሱ ሙቀት ነበር። አባዬን በዓይኔ አየሁት፤ ካፖርቱን በጋቢው ስር ለብሶ፣ መቋሚያውን ይዞ፣ ሳይስል። ከደስታዬ ብዛት አንዱን ለይቼ ከክምሩ ስር ደበቅሁት። ሞኝ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለካ ልብስ ስለተላከ ብቻ አይለበስም። እርዳታም ቢሆን ከውጭ የመጣ ዕቃ ጉምሩክ ሳይመድበው አይበተንም። ወደቡ በእህል ተጨናንቆ ስለነበር ቦንዳው እንደታሸገ ወደ እኛ ተጭኖ፣ መዳቢው ከኋላው ተላከ። አቶ ብርሃኑ ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ባለመነጽር፣ ክርኑ የተላጠ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ረግሜው ይወጣልኝ ነበር። የላስታ ብርድ ከንፈሩን አጥቁሮት፣ ያን የታሪፍ መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ መጋዘኑ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ አንድ ካፖርት ዘርግቼ እይዝለታለሁ።

"ሱፍ ነው፤ እሺ። የተሸመነ ነው፤ እሺ። ካፖርት ነው፤ እሺ" ይላል በእርሳሱ እየነካካ። "አሁን የቀረን የማን መሆኑ ነው። የወንድና የሴት መደቡ ለየብቻ ነው።"

"ታዲያ በምን ይታወቃል?" አልኩት።

"በአዘጋጉ። ሲዘጋ ግራው በቀኙ ላይ የሚደረብ ከሆነ የወንድ ነው፤ ቀኙ በግራው ላይ ከሆነ የሴት። እስቲ ቁልፉን አሳዪኝ።"

ቁልፍ የለውም። የቁልፍ ቀዳዳም የለውም። በዚያው በጨርቁ መቀነት እጥፍ አድርገው የሚያስሩት ዓይነት ነው፤ ወደ ግራ ቢሉት ይሄዳል፣ ወደ ቀኝ ቢሉት ይሄዳል። ሌላ አወጣን፤ ያው። ከሌላ ቦንዳ አወጣን፤ ያው። አቶ ብርሃኑ መነጽሩን ወለወለ፣ መጽሐፉን ወደ ኋላ ገለጠ፣ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ከዚያ አነበበልኝ። የወንድ ይሁን የሴት ያልተለየ ልብስ የሴት ተብሎ ይመደባል ይላል ነገሩ ሲጨመቅ።

"ለምን?" አልኩት። "ካልታወቀ አልታወቀም አይባልም?"

"እቴ፣ አልታወቀም የሚል መደብ የለም" አለኝ። "ሁሉም ዕቃ አንድ ቦታ መግባት አለበት።"

እንግዲህ ገባ። የደበቅሁት እንኳ ሳይቀር፣ በየካፖርቱ ገበር ላይ በሐምራዊ ቀለም "የሴት" የሚል ማኅተም ተመታበት። እኔ እዘረጋለሁ፣ እሱ ይመታል፤ ያ የማኅተሙ ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ይህ ሁሉ ቢሆንም ነገሩ የመንግሥት ወግ ነው፣ እኛ ጓዳ አይገባም ብዬ ብዙም አልከፋኝም ነበር። ሊቀመንበሩ ግን የገበያ ቀን ጠብቆ፣ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ በድምፅ ማጉያ አወጀው። "በጉምሩክ መጽሐፍ ተመርምሮ የሴት ካፖርት መሆኑ ስለተረጋገጠ የሚታደለው ለሴት ብቻ ነው!" አቤት ሳቅ! የገበሬው ሚስት ተቀበለች፤ በሳምንቱ ገበያ ባል ሁሉ ግራጫ ለብሶ ብቅ አለ። ማን ምን ገዶት! አንዱ የኛ ጎረቤት ሰካራም "እኔስ ሚስቴ ነኝ" እያለ ጠላ ቤቱን ሲያስቀው ዋለ። የተሳቀቁት ካህናቱ ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከርቀት እያዩ ጋቢያቸውን ይሰበስባሉ እንጂ አይናገሩም።

የኔን ድርሻ ታቅፌ ቅዳሜ ገነተ ማርያም ስገባ አባዬ ከደጅ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ይስላል። አዋጁ ከኔ ቀድሞ ደርሶታል።

"አባዬ፣ ይልበሱት" አልኩት ካፖርቱን ጉልበቱ ላይ እያኖርኩ።

እጁን ሰደደና ሱፉን ዳሰሰው። ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁት፤ እንደዚያ ዓይነት ልብስ በዘመኑ አልነካም። ቀስ ብሎ ገበሩን ገለጠና ማኅተሙን አነበበው። አንብቦ መልሶ አጠፈው።

"ይህ ያንቺ ነው ልጄ" አለኝ።

"ምን የኔ አለው? ልብስ ነው። ለርስዎ ብዬ ነው ያመጣሁት።"

"ወንድ የሴት ልብስ አይለብስም። ካህን ደግሞ ይብስበታል። በዚህ ገላዬ መቅደስ ነው የምገባበት።"

"ቢሆንስ ሲገቡ ያወልቁታላ!" እልህ ያዘኝ። "ደግሞስ ያ ጋቢ የማን ነበር? እማዬ ትለብሰው አልነበረም? ያን ጊዜ የሴት ነው አላሉም!"

ትንሽ ፈገግ አለ። "ጋቢን ማንም የሴት ነው ብሎ አልጻፈበትም" አለኝ። "ይህ በመጽሐፍ ታይቶ፣ ተጽፎበት፣ በሕዝብ ፊት ተነግሮበታል። እኔ ለብሼው ብቆም ምእመኑ ማንን ያያል? ካህኑን ወይስ ጽሑፉን?"

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ለተጻፈ ነገር የኖረ ሰው ነው። ብራና ላይ የተጻፈውን እየሳመ የሚገልጥ ሰው፣ የጉምሩኩም ማኅተም ጽሑፍ ሆነበት። ሌላ አገር ሰው ቢሆን ስቆ ይለብሰዋል፤ የኛ ሰው ግን ጽሑፍን ይፈራል። እኔ ያን ዕለት አለቀስኩ፣ ለመንኩት፣ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ጎረቤታችን እማሆይ "ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው" ብለው ተቆጥተው ወጡ። መከራ መካሪ እንጂ አዳኝ መቼ ሆኖ ያውቃል?

እንቅልፍ አጥቼ አደርኩና ሲነጋ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያ አቶ ብርሃኑ በአዘጋጉ ነው አላለም? ማኅተሙ ያለበትን ገበር ተረተርኩና በአቡጀዲ ተካሁት። ከዚያ የወንድሜን ካኪ ጃኬት ከምሰሶው አወረድኩ። ከሄደ ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም፤ የገላውን ሽታ ይዟል። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስቆርጥ ሥጋውን የምቆርጥ መሰለኝ። ላሊበላ ወስጄ በስፌት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ ግራው በቀኙ ላይ እንዲደረብ አድርጌ ቀዳዳውን ቀደድኩ፣ ዙሪያውን በእጄ ጠቀምኩ፣ ቁልፎቹን ተከልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያማረ ሥራ አልሠራሁም። አንድ ካፖርት ሆነ ስላችሁ፣ ራስ ደጃዝማች እንኳ ያልለበሰው!

ታቅፌው ወደ አቶ ብርሃኑ ሮጥኩ። ሊሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ነበር።

"አሁንስ የማን ነው?" አልኩት።

ዘረጋው፣ ቆለፈው፣ ፈታው። "ጎበዝ ነሽ" አለኝ። "እንዲህ ሆኖ ቢመጣ ኖሮ ያለ ጥርጥር የወንድ ነበር።"

"እንግዲያው የወንድ ነው በልና ጻፍልኝ። አንዲት መስመር። አባቴ በጽሑፍ ተከለከለ፣ በጽሑፍ ይፈታ።"

አቶ ብርሃኑ ካፖርቱን አጥፎ መለሰልኝ። ዓይኔን ማየት አልቻለም። "ዕቃ የሚመደበው ሲገባ በነበረበት መልኩ ነው እንጂ ከገባ በኋላ በሆነው አይደለም" አለኝ። "አንዱን የወንድ ነው ብዬ ብፈርም፣ ያው ዓይነት የሆኑት ሁሉ በሐሰት ገቡ ማለት ነው። ጊዜውን ታውቂዋለሽ እህቴ። በዚህ ስንቱ ታሰረ።" ከዚያ የራሱን የአንገት ልብስ ፈታና "ይህን ስጫቸው" አለኝ። ቀጭን ናት፣ የከተማ ሰው የሚያጌጥባት። ተቀበልኩት፤ ምን ላድርግ! ሰውየው ብርድ ብርድ እያለው ቆሞ ቀረ።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ልዋሸው ነበር፤ "ተፈቀደ" ልለው ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። እሱ ግን የወንድሜን ቁልፎች አውቋቸዋል። አንዱን በአውራ ጣቱ ሲያሻሽ፣ ሲያሻሽ ቆየና እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ልጁ ሲሄድ እንኳ ያላለቀሰ ሰው! "ቁልፉን አዞርሽው ልጄ" አለኝ፤ "የተባለውን ግን ማን ያዙረው?" ካፖርቱን ሳመው፤ ስለ ቁልፎቹ ይሁን ስለ ድካሜ አላውቅም። የአንገት ልብሷን አደረጋት። ካፖርቱ ከምሰሶው ላይ፣ ቁልፍ ከሌለው ካኪ ጃኬት ጎን ተሰቀለ።

ለገና ወደ ላሊበላ መጣ። ቀርቶ አያውቅም፤ ዓመት በዓመት ከቤተ ማርያም አፋፍ ላይ ከካህናቱ ጋር የሚያሸበሽብባት ቦታ አለችው። እኔ ከታች ከምእመኑ መሐል ቆሜ እሱን ብቻ አየዋለሁ። አፋፉ ሁሉ ነጭ ለብሷል፣ ከበሮው ይመታል፣ ሰው እልል ይላል፤ እኔ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሐል የሱን ሳል እለያለሁ። ከአጠገቤ አንድ ገበሬ ግራጫውን ካፖርት ለብሶ፣ መቀነቱን ጥብቅ አድርጎ አስሮ ያጨበጭባል። ሞቆት አልቦታል። ገፍፌ ልወስድበት ምንም አልቀረኝ። ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ ምን ዓይነት መጽሐፍ ነው እያልኩ በበዓል ቀን አለቀስኩ።

ከበዓሉ ቤቱ ገብቶ ተኛ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። በጥምቀት ማግስት ድሬሰሩ ገነተ ማርያም ድረስ መጣልን፤ አይቶት ራሱን ነቀነቀ። ጭቃ ምድጃችን ውስጥ እንጨት ሳይሆን ተስፋዬን ስማግድ ከረምኩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ራሱን ሲስት ካፖርቱን አልብሰው ነበር፤ ሲነቃ ደግሞ በእጁ ወደ ጎን ይገፋዋል። አይቆጣም። "ያንቺ ነው፣ ያንቺ ነው" ይለኛል ብቻ።

የቀብሩ ለት ያየሁትን ዓይነት አመዳይ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ሣሩ ነጭ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ መሬቱን ሲመቱት ዶማው ይነጥር ነበር። ነጠላዬን አገልድሜ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ከአስከሬኑ ኋላ ስቆም እማሆይ ቤት ገብተው ያን ካፖርት ይዘው መጡ። "ልበሺው" አሉኝ። "አንቺ ሴት ነሽ፤ ምን ይከለክልሻል? ደግሞ አንቺን እንቅበር እንዴ?" እምቢ ልላቸው አቅም አልነበረኝም። እጄን በእጅጌው አስገቡልኝ፣ የወንድሜን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፉልኝ፣ ግራውን በቀኙ ላይ አድርገው። አባቴን በዚያች ፀሐይ በምታሳልፍ ጋቢ ጠቅልለው ወደ ጉድጓዱ ሲያወርዱት እያየሁ ቆምኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ሞቀኝ።